የጾም ጎሚኒ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ የፊዚክስ መምህር ነኝ እላለሁ። ደመወዝ የምፈርመው በዚያ ስለሆነ ነው እንጂ እውነቱን ለመናገር እኔ ፈጣሪ ነኝ። ይህን ቃል አንድ ቀን በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ድጓ በሚያስተምሩት በመሪጌታ ጥበቡ ፊት አምልጦኝ ተናግሬው «ፈጣሪስ አንድ ነው» ብለው ስለገሠጹኝ ከዚያ ወዲህ «የፈጠራ ሰው» እያልኩ አስተካክላለሁ። ባለቤቴ የሺ ግን ይህኛውንም አትቀበለውም። ለእሷ እኔ የሚሠራ ነገር አይቼ ካልፈታሁት እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ይህ በሽታ መድኃኒት እንደሌለው በሙያዋ ታውቃለች፤ እንዲያው በሰላም አብራኝ ትኖራለች።

የፈጠራ ሥራዎቼ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የጉድጓድ መሰርሰሪያ ነው። ከተሰበረ የጭነት መኪና ያገኘሁትን ረጅም ብረት ጫፉ ላይ ማረሻ አስበይጄ፣ ከላይ መስቀለኛ እንጨት አግድሜበት፣ ሁለት ጎረምሶች እህል እንደሚያበራይ በሬ ዙሪያውን እየዞሩ እንዲያሽከረክሩት አደረግሁ። ሰፈራችን አንድ የእጅ ፓምፕ ብቻ ስላለው ከእሱ አጠገብ ሁለተኛ ጉድጓድ ላወጣ ነበር ሐሳቤ። መሰርሰሪያው የሰው ቁመት ያህል በደስታ ወረደ። ከዚያ ሁለት አለት መሀል ገብቶ ተቀረቀረ፤ ወደ ታችም ወደ ላይም እምቢ አለ። ብንስበው፣ በበሬ ብናስጎትተው አልነቃነቅ አለ። አሁን የገበያ ቀን ሰው አህያውን ያስርበታል። የአህያ ባለቤቶች እስከ ዛሬ ይመርቁኛል።

ሁለተኛው ማሳያ ሰሌዳ ነው። በመናኸሪያችን ረዳቶቹ የመኪናውን መድረሻ እየጮሁ ጉሮሯቸው ሲዘጋ አይቼ አዘንኩ። ስለዚህ ቀጫጭን ጣውላዎችን በብስክሌት ሰንሰለት አያይዤ፣ ገመዱ ሲሳብ ተገልብጠው ቀጣዩ መኪና የሚሄድበትን ከተማ እንዲያሳዩ አድርጌ ሠራሁ። በቤቴ ውስጥ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። የረሳሁት የምንኖርበትን ከተማ ስም ነው። ንፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በልመና አይደለም። ሰሌዳው መናኸሪያ በተሰቀለ ማግስት ነፋሱ ግማሹን ጣውላ ገልብጦ ግማሹን ስለተወው፣ ከደብረ ታቦርና ከአርብ ገበያ ተቀላቅሎ «ደብረ ገበያ» የሚባል አገር ወጣ። አንድ አዛውንት ደብረ ገበያን አይቼው ስለማላውቅ ካላደረሳችሁኝ ብለው ግማሽ ቀን ሙሉ ከረዳቶቹ ጋር ተሟገቱ። ረዳቶቹ ወደ ጩኸታቸው ተመለሱ፣ ሰሌዳዬ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ የሺም በርበሬ ታሰጣበት ጀመር።

ሦስተኛው ነው ጉዱ።

ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን መግባት በጀመረበት ዘመን፣ ለፈጠራ ሥራ የባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት፣ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት መኖሩን በሬዲዮ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው መሆኔ ቀረ። መሰርሰሪያዬንም ሰሌዳዬንም በሚያምር ቋንቋ አስረድቼ አመለከትሁ፤ መቀርቀሩንና ደብረ ገበያን ለጊዜው ተውኳቸው። ደወሉልኝ። ከደብረ ዘይት በዓል በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ባለሙያ ወደ እኛ አካባቢ ብቅ ስለሚል፣ ሲሠራ የሚታይ ነገር ካለኝ እንዳዘጋጅ ነገሩኝ። «ሲሠራ» የሚለው ቃል ትንሽ አስጨነቀኝ።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር። በፓምፑ ሆድ ውስጥ ውሃውን አፍኖ ወደ ላይ የሚያወጣ፣ እንደ ጽዋ የጎደጎደ የላስቲክ ቀለበት አለ፤ መካኒኮች ጎሚኒ ይሉታል። እሱ አልቆ እጀታው ቢነቀነቅ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። መለዋወጫው ከባሕር ዳር ይመጣል እየተባለ ወራት አለፉ፣ ጾሙም ገባ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ተሸክመው ገደሉን ወርደው፣ ከምንጩ ቀድተው፣ ያንኑ ገደል ይወጣሉ። ከሁሉም በላይ ሲያሳዝኑኝ የነበሩት የውሃ ኮሚቴዋ ሊቀ መንበር እትዬ ዘነቡ ናቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቢሆንም ማንንም አያስቀድሙም። የፓምፑ አጥር ቁልፍ በአንገታቸው ነው፣ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ደግሞ በእጃቸው ነው። አንድ ቀን ከገደሉ ሲወጡ በራፌ ላይ ቆም ብለው፣ ይህን ሁሉ ብረት ስታጣምም ትውላለህና አንዲት ቀን እንኳ ለሰው የሚሆን ነገር ብታጣምም ምን አለበት ብለውኝ አለፉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። ያ ድካም ከሬዲዮው ይልቅ አነሣሣኝ።

ላስቲክ ከሌለ ቆዳ አለ ብዬ አሰብሁ። መሪጌታ ጥበቡ ድጓውን ከነዜማው በአገራችን የድጓ ማስመስከሪያ ደብር በቤተ ልሔም አስመስክረው የመጡ ሊቅ ናቸው፤ ብራናም በገዛ እጃቸው ይፍቃሉ። ከፍየሉ አንገት ላይ ለጽሕፈት የማይሆን ወፍራም ቁራጭ ይተርፋቸዋል። ጠየቅኋቸው፣ መርቀው ሰጡኝ። እኔም በውሃ ዘፍዝፌ፣ በስኒ ቂጥ ላይ ወጥሬ፣ የጽዋ ቅርጽ አስይዤ አደረቅሁት። ቅርጹ ልክ ሆነ፤ ነገር ግን ቆዳው ደርቆ እንደ ጫማ ሶል ገገመ።

የደረቀ ቆዳ በምን እንደሚለሰልስ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ጠፍሩንም መጫኛውንም የሚያሹት በቅቤ ነው። ስለዚህ ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያ የሺ ለፋሲካ ያነጠረችው ቅቤ አፉ ተከድኖ ተቀምጧል። አንድ ማንኪያ ብቻ ነበር ያሰብሁት። ቆዳው ግን መጠጣት የጀመረ ሰካራም ሆነብኝ፤ ሌላ ማንኪያ ፈለገ። ቀጥሎ የፓምፑ ቱቦ ከውስጥ ሻካራ ስለነበር እሱም ትንሽ ፈለገ። ሳስተውል የቅቤ ዕቃው ቂጥ እያየኝ ነው። ክዳኑን እንደነበረ አስተካክዬ መለስሁት፤ በዚያን ሰዓት በክዳኑ አቀማመጥ ላይ ያለኝ ጥንቃቄ ለራሴም ገርሞኛል።

ጾም መሆኑን ረስቼ ነበር ወይ? አልረሳሁም፤ ሽሮ ስበላ ነው የሰነበትሁት። ግን በሐሳቤ ቅቤ ሲበላ ነው ቅቤ የሚሆነው። ቆዳ ላይ ሲቀባ የሥራ ዕቃ ነው። የፊዚክስ መምህር እንዲህ ነው የሚያስበው።

ጎሚኒውን ገጠምሁ፣ እትዬ ዘነቡ እጀታውን ነቀነቁ፣ ውሃው ገንፍሎ ወጣ። እልልታው ሲቀልጥ እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም። ሴቶቹ ተራ በተራ መረቁኝ፣ እትዬ ዘነቡም ለመጀመሪያ ጊዜ «የእኛ መምህር» አሉኝ። ይህም ሳያንስ ሰው ሁሉ ውሃው ጣመን አለ። በዚያ ሳምንት የሰፈሩ ሽሮ በሙሉ ከወትሮው የተለየ ሆነ። ጡረታ የወጡት አሥር አለቃ ጎረቤታችን ይህን ውሃ ሲጠጡ ሠርግ ቤት የተቀመጡ እንደሚመስላቸው ነገሩኝ። እኔም የቆዳ ጎሚኒ የውሃን ጣዕም ያሻሽላል የሚል አዲስ ሐሳብ ለባለሙያው ልነግረው አዘጋጀሁ። የሺ ብቻ ከብርጭቆው ጎንጨት ብላ ዓይኗን ጨፈነችና ውሃው ኮሰረት ኮሰረት ይለኛል አለች። የከርሰ ምድር ማዕድን ነው አልኋት። ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ።

ያጋለጡኝ ድመቶች ናቸው። በጾም ወራት ድመት ምን ያህል እንደሚቸገር የሚያስብለት የለም፤ ወተት የለ፣ ሥጋ የለ፣ የእኛን ጾም ሳይጠየቅ ይጾማል። እና አንድ ጠዋት የሰፈሩ ድመት ሁሉ ከፓምፑ ሥር ተሰብስቦ ጠብታ ሲልስ ተገኘ። እትዬ ዘነቡ በመጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና ወደ ተሰለፉት ሴቶች ዞረው፣ «ድመት ለውሃ ሲጋፋ ያያችሁ አላችሁ?» አሉ።

ማንም አላየም። ፓምፑን ክፈት አሉኝ፤ ከፈትሁ። ጎሚኒውን ከእጄ ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ቀስ እያሉ ቆጠሩት።

«ኮሰረት። ኮረሪማ። ነጭ አዝሙድ» አሉ። «ይኼ የየሺ ቅቤ ነው።»

የሺ ጀሪካኗን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

መሪጌታ ተጠርተው መጡና ከፓምፑ ፊት ለፊት ካለው ጽድ ሥር ተቀመጡ። ሰፈሩ ሁሉ በዐቢይ ጾም ቅቤ ሲጠጣ መሰንበቱ ተነገራቸው። ሳያውቁ የጠጡትን ነፃ ናችሁ አሏቸው። አውቄ ላጠጣሁት ለእኔ ስግደት አዘዙልኝ፤ እስከ ዛሬ ወገቤን ሲያመኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሌላ ክርክር ተነሣ፤ አንዳንዶቹ ቆዳውስ ቢሆን የፍየል አይደለም ወይ፣ ይጣል እንጂ አሉ። መሪጌታ ጭራቸውን አንዴ ወዘወዝ አድርገው መለሱ።

«ድጓው የተጻፈው በምን ላይ ነው? ከበሮውስ የተለጎመው በምንድን ነው? ቆዳ በቤተ እግዚአብሔር ሲያገለግል ኖሯል። ቅቤው ግን ቅቤ ነው።»

የሺ የራሷን ፍርድ እቤት ሰጠች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የእኔን የፋሲካ ድርሻ ፓምፑ ስለበላልኝ የእኔ ዶሮ ወጥ ለብቻው በኑግ ዘይት እንደሚሠራ ነገረችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። ፋሲካ ገና ሩቅ ስለነበር እስከዚያ ትረሳዋለች ብዬ ተጽናናሁ። አሥር ዓመት አብሬያት ኖሬ እንኳ እንዲህ ማሰቤ የሚገርም ነው።

እትዬ ዘነቡ አጥሩን ቆለፉ። ውሃው የጾም መሆኑ በሰው ፊት ካልተመሰከረ አይከፈትም አሉ። ሴቶቹ እንደገና ገደሉን መውረድ ጀመሩ፤ እትዬ ዘነቡም ያንን ጉልበታቸውን እየጎተቱ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ቤት በራፍ ሲደርሱም ፊታቸውን ያዞራሉ። ባለሙያው ደግሞ ከነገ ወዲያ ይደርሳል። ፓተንቱ ይቅር፤ ውሃ አምጥቼ ውሃ የነጠቅሁ ሰው ሆኜ በዚያ ሰፈር እንዴት እኖራለሁ?

ቱቦውን በአመድና በፈላ ውሃ ፈተግሁት። መሪጌታ ሌላ የአንገት ቁራጭ ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ ጠየቅሁ፤ ኑግ የጾም ነው፣ ይፈቀዳል አሉኝ። ቆዳውን በኑግ ዘይት ነክሬ አሸሁት፤ እሱም ያንን ጠጥቶ ጠገበ፣ ለሰለሰ። ከአሮጌው ጎሚኒ ላይ የተረፈውን ቅቤ ፍቄ ሳወጣው መጣል ነውር ስለመሰለኝ፣ ባለሙያውን በወዛ ጫማ ልቀበለው ብዬ ጫማዬን ወለወልሁበት። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

የሕዝቡን ልብ ለማረጋጋትም ሰሌዳዬን ከበርበሬው አላቅቄ አመጣሁትና በዚያ በተቀረቀረው መሰርሰሪያዬ ላይ ሰቀልሁት። በትልልቁ «የጾም ውሃ» ብዬ ጻፍሁበት። ጣውላዎቹ ሁለት ገጽ ስላላቸው ጀርባውን ባዶ መተው አላስችል አለኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ያገለግላል ብዬ «የፍስክ ውሃ» አልሁበት። ሦስቱም ሥራዎቼ ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው ደስታዬ ወሰን አጣ።

ባለሙያው ጠዋት ከሚኒባስ ወረደ። ቀጭን ኮት የለበሰ ወጣት ነው፤ ነፋሱ ገና ከመናኸሪያው ስለተዋወቀው ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ጠበቀው። እትዬ ዘነቡ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ከፈቱ፣ መሪጌታ ባረኩ፣ እጀታው ተነቀነቀ። ፓምፑ አንዴ አጓራ፣ ሁለተኛም አጓራ፣ ከዚያ ውሃው እያንጸባረቀ ይወርድ ጀመር። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አስጠጉ። ልክ በዚያች ቅጽበት ያገሬ ነፋስ ደረሰና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠው። ደብረ ገበያን ሲያወጣ እንዳልነበረ፣ ዛሬ አንድም ጣውላ ሳያስቀር «የፍስክ ውሃ» የሚለውን አጥርቶ አሳየ።

ሰልፉ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አንዷ በድንጋጤ የቀዳችውን ስትደፋ ባለሙያው እግር ላይ አረፈ። ነገሩን ሳስረዳው ሰውዬው የምቀልድበት መስሎት ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ግን አመነ። ቀላል ነው፣ አንድ ሰው ይቅመሰው አለ። ማን ይቅመስ? በጾም ጠዋት አፉን የሚያረጥብ የለም። መሪጌታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ባለሙያው ራሱ ይቅመስ ብንለው አንገቱን ደፍቶ እስከ ስድስት ሰዓት እንደሚጾም ተናገረ። እኔ ልቅመስ አልሁ፤ የእኔን ምላስ የሚያምን አንድም ሰው አልተገኘም። ባለሙያው ወደ ሰዓቱ ያያል፣ እትዬ ዘነቡ ወደ ቁልፋቸው ያያሉ፣ እኔ ወደ ሰማይ አያለሁ።

«የማይጾም ምስክር አለ» አሉ መሪጌታ። «ድመቴን አምጧት።»

የመሪጌታ ድመት መጻሕፍቱን ከአይጥ የምትጠብቅ፣ ጾሙ ያከሳት፣ ባለፈው ሳምንት ከፓምፑ ሥር ግንባር ቀደም የነበረች ናት። ውሃ በሳሕን ቀርቦላት ሕዝቡ ዙሪያዋን ቆመ። በሕይወቴ ብዙ ተፈትኛለሁ፤ ዩኒቨርሲቲም ተፈትኛለሁ። እንደዚያች ድመት ያስፈራኝ ፈታኝ ግን የለም። ወደ ሳሕኑ ቀረበች። አሸተተች። ጢሟን ውሃው ውስጥ ነከር አድርጋ ቆየች፤ እኔ መተንፈስ ተውሁ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ተራመደች። እፎይ ልል ስል ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና ጫማዬን በሙሉ ፍቅር ትልስ ጀመር።

እትዬ ዘነቡ በሚያማቸው ጉልበት ጎንበስ ብለው ጫማዬን አሸተቱ።

«ኮረሪማ» አሉ።

ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞረ። እሳቸውም ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ ድጓ ሲያርሙ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ውሃው ጾመኛ ነው። ጫማው ግን ፈስኳል» ብለው በየኑ።

ሳቁ ከነፋሱ በላይ ነበር። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ሰሌዳውን ገልብጬ በገመድ አሰርሁት፣ ውሃው እስከ ቀትር ሲቀዳ ዋለ። ገደሉን ያን ቀን የወረደ የለም። ባለሙያው እንባውን እየጠረገ ሥራዎቼን ተራ በተራ አየ። የቆዳ ጎሚኒ አያቱ ሳይወለዱም በዓለም ላይ የነበረ ነገር መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። መሰርሰሪያውን በእጁ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ መሰርሰሪያነቱን ባያውቅም ለምሰሶነት እንዲህ ያለ ጠንካራ አላየሁም አለ። የጾምና የፍስክ እየተባለ የሚለዋወጥ ጎሚኒ ግን በየትም አገር ስለመኖሩ ሰምቶ አያውቅም፤ ምናልባት በአነስተኛ ፈጠራ ሊታይ ይችላል አለኝ። በሕጉ እንዲህ የሚባል መደብ አለ መሰለኝ። «አነስተኛ» የምትለዋ ቃል ግን ከነከነችኝ። ለየሺ ስነግራት ሰውዬው ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ መሆን አለበት አለች። መልሱን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። በበዓሉ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነቡ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ቆመዋል።

«ያች ፓምፕ አብራን ጾማለች» አሉኝ። «ዛሬ ድመቱ ሳይቀር ሲፈስክ እሷን በኑግ ልንተዋት ነው? ተነሥ፣ ግፍ ነው።»

ሄጄ ፓምፑን ፈታሁት። ጎሚኒውን እሳቸው ባመጡት ቅቤ እስኪወዛ አሸሁት፤ ቱቦውንም አልረሳሁትም። ሰሌዳውን በገዛ እጄ ወደ «የፍስክ ውሃ» ገለበጥሁት። ነፋሱ ያን ቀን ዝም አለ። ድመቶቹ ሁሉ፣ የመሪጌታም ድመት ሳትቀር፣ መጥተው ቦታቸውን ያዙ፤ እትዬ ዘነቡም የመጀመሪያውን ውሃ ቀድተው ጠጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ቤት ስመለስ ገበታው ቀርቧል። የእንግዶቹ ዶሮ ወጥ በአንድ በኩል፣ የእኔ ዶሮ ወጥ በትንሽ ድስት በሌላ በኩል። የእኔው የኑግ ዘይት ጠቁሮበት ያብለጨልጫል። የሺ አልረሳችም። እኔም ምንም እንዳልመሰለኝ ሆኜ ቀኝ እጄን ወደ እንጀራው ሰደድሁ። እጄን ሳልታጠብ ነው የመጣሁት፤ ይህም በአጋጣሚ አልነበረም። የሺ አንጓዬን ያዘችና እጄን አሸተተችው።

«የእትዬ ዘነቡ ቅቤ ኮሰረት ያንሰዋል» አለች።

ማስታጠቢያውን አንሥታ አስታጠበችኝ። ውሃው ግን ጠዋት ከፓምፑ የተቀዳ፣ ጾሙን ፈትቶ የመጣ ውሃ ነበርና፣ ባፈሰሰችልኝ ቁጥር እጄ ይብስ ወዛ። ሁለታችንም እጄን አየነው። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እኔም ወደ ድስቴ ዞሬ በዚያው እጅ በላሁ።